ሦስት ጊዜ የተፋቀው ቀን

ታላቅ እህቴ ከየት እንደሚመጣ የማታውቀው ድምፅ ባለበት ቤት መቀመጥ አትችልም ነበር። እናታችን ባረፈች በወሩ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ ውስጥ ሰው አፉን ገጥሞ የሚያንጎራጉር የሚመስል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሊጠይቁን የመጡት አክስታችን ቃል ሳይተነፍሱ ጫማቸውን በእግራቸው መፈለግ ያዙ። እህቴ ከመሣሪያ ሳጥኗ ረጅሙን ካቻቪቴ አወጣች፤ ጫፉን ግድግዳው ላይ፣ እጀታውን ቀኝ ጆሮዋ ላይ ደግፋ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደች።

«የጎረቤት ቧንቧ ነው፤ ግማሽ ከፍተውት ወጥተዋል» አለች።

ሄዳ አስዘጋችው። ድምፁ ቆመ፤ አክስታችንም ተመልሰው ተቀመጡ። እኔን ግን ዝምታው ከድምፁ ይልቅ ከበደኝ። ምነው ባልዘጋችው ያልኩት ያን ቀን ብቻ አይደለም።

እህቴ ትምህርቷን ጨርሳ የገባችው ጥልፍ ፋብሪካ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት እዚያ የጥልፍ ማሽን ጠገነች። ከጥልፉ ክፍል አጠገብ የሚያደነቁረው የሽመና አዳራሽ ነበርና ግራ ጆሮዋ እዚያው ቀረ። «ለፋብሪካው ትቼለት ወጣሁ» ትላለች ሰው ሲጠይቃት። የቀረው ጆሮዋ ግን የሁለት ሰው ሥራ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ የመቃብር ድንጋይ የሚቀርጽ ወርክሾፕ ተቀጠረች። እኔ ያን ጊዜ አስተማሪ ነበርኩ፤ ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ሰዓት እየሄድኩ ድንጋዩ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አይ ነበር፤ ድንጋይ ላይ የተሳሳተ ነገር በላጲስ አይጠፋምና። የማወራውን ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ወርክሾፑ አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። መሬቱ ላይ ሁልጊዜ ነጭ አቧራና ውኃ የተቀላቀለበት ጭቃ አለ። በአንዱ ጫፍ ጠራቢው ይሠራል፤ ስልሳ ያለፈው፣ አፉ ከመዶሻው የማይተናነስ ሰው ነው። በሌላው ጫፍ የመቅረጫው ማሽን አለ፤ ምላስ የምታህል ጠንካራ መቁረጫ ያለው ክንድና ድንጋይ የሚጋደምበት የብረት አልጋ። ክንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አልጋው ደግሞ ድንጋዩን እንደተሸከመ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይመላለሳል። ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሷቸው ስቴፐር ሞተሮች ናቸው። እህቴ ካቻቪቴዋን ሞተሮቹ ላይ ተክላ ስታዳምጥ ላየ ሰው ልብ የምትመረምር ትመስላለች፤ ስለዚህ ጠራቢው «ሐኪሟ» አላት፤ ስሙም ተጣበቀ።

ስቴፐር ሞተር እንደ ሌላው ሞተር ዝም ብሎ አይሽከረከርም። ደረጃ እንደሚወጣ ሰው አንድ፣ አንድ እያለ ይራመዳል፤ አንድ ዙር ለመሙላት ሁለት መቶ እርምጃ። ኮምፒዩተሩ «ይህን ያህል እርምጃ ወደ ቀኝ» ይለዋል፤ እሱም ቆጥሮ ይሄዳል። መንገድ ላይ አንዱን ቢስት ግን የሚነግረው የለም፤ ኮምፒዩተሩም ደረስክ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ተንሸራቶ ይሠራል።

«እያንዳንዱ ሞተር የሚጠላው ፍጥነት አለው» ብላ አስረድታኛለች እህቴ። «ከዚያ ቀስ ሲል ደህና ነው፤ ከዚያ ሲፈጥን ደህና ነው። እዚያው ላይ ከቆየ ግን ዥዋዥዌ ላይ ያለን ሰው በልኩ በልኩ እንደ መግፋት ነው፤ መንቀጥቀጡ በመንቀጥቀጥ ላይ ይጨመርና እርምጃው ይጠፋዋል። ከመጥፋቱ በፊት ያንጎራጉራል። ያኔ ነው መድረስ።»

አንድ ማለዳ እናትና ልጅ መጡ። ልጅቷ ሠላሳውን ያለፈች፣ የደከማት ሴት ነበረች። እናትየዋ ቀጭን ናቸው፤ ከበሩ ጀምሮ የተደረደረውን ድንጋይ በመዳፋቸው እየዳሰሱ አለፉ። ድንጋዩ የሚሠራው ለወንድ ልጃቸው ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከስምንት ዓመት በፊት ከሐይቁ ማዶ መስመር ሊዘረጋ ከሌሎች ጋር በጀልባ ሲሻገር ጀልባዋ ተገለበጠች። የሌሎቹ አስከሬን ተገኘ፤ የእሱ አልተገኘም። በቅርቡ ፍርድ ቤት መሞቱን አጽድቆ፣ ጀልባዋ የተገለበጠችበትን ቀን የሞተበት ቀን አድርጎ ወረቀት ሰጥቷል።

እናትየዋ ከኋላኛው ግድግዳ ጋር ለዓመታት የቆመ፣ ማንም ያልፈለገው አንድ ጥቁር ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ውፍረቱ አንድ ስንዝር ሊሆን ምንም አይቀረውም።

«ይሄ ይከብዳል እማማ» አለ አለቃችን፣ የወርክሾፑ ባለቤት። «ሌሎቹ ሦስት ጣት ናቸው፤ ለመጓጓዣም ይቀላሉ።»

«ይክበድ። ከእንግዲህ የትም እንዳይሄድብኝ።»

ጠራቢው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ከሥሩ ሰው የለም እኮ፣ መምህር» አለኝ። በሹክሹክታ ያለው መስሎት ነበር። ልጅቷ ሰምታ ፊቷን አዞረች።

ድንጋዩን ስድስት ሰዎች በሰንሰለት ማንሻ እየታገዙ አልጋው ላይ አጋደሙት። ስሙ በትልልቅ ፊደል ወጣ፤ ያማረ ነበር። የተወለደበት ቀን ወጣ። የሞተበት ቀን ላይ ሲደርስ ሞተሩ ማንጎራጎር ጀመረ፤ እህቴ ከወንበሯ ተነስታ ሳትደርስ የዓመቱ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ወደ ቀኝ ተንሸራተው ከመስመሩ ወጡ። ከሰዎች መሀል ተነጥሎ የሄደ ሰው ይመስሉ ነበር።

ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። ጠራቢው እየተራገመ ፊቱን ሙሉ በማሽን ፍቆ አለሰለሰው፤ ሁለት ቀን ፈጀ። እህቴ ብሎኖቹን አጠበቀች፤ ዘንጉን ቀባች። በወርክሾፑ ደንብ ማንኛውም ሙከራ የሚደረገው ቁራጭ ድንጋይ ላይ ነው፤ እሷም ያንኑ የሞቱን ቀን ቁራጭ ላይ አስቀረጸችው። እንከን አልነበረውም። ጥቁሩን ድንጋይ መለሱ። ስሙ ወጣ፤ የልደቱ ቀን ወጣ፤ የሞቱ ቀን ላይ ሞተሩ አንጎራጎረ፤ ቁጥሮቹ ሸሹ።

«የልደቱ ቀን ለምን አይሸሽም?» አልኳት።

«እንጃ። ያው ዓይነት ቁጥር ነው። ይሄኛው ክብ ክብ ይበዛበታል፣ ስምንትና ስድስት።» ይህን ስትል ወደ ድንጋዩ አላየችም።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው መንገዱን ቀየረ። ወደ መጸዳጃው የሚወስደው መንገድ በማሽኑ በኩል ነው፤ በውጭ በኩል መዞር ጀመሩ። አቧራ የሚጠርጉት ሴትዮ ማሽኑ ሥር ያለውን አቧራ ለሳምንት ተዉት። ጠራቢው ራሱ ድንጋዩን ሲፍቅ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ነበር።

«አንቱ ደግሞ ምን ሆኑ ጋሼ?» አለችው እህቴ። «ዕድሜዎን ሙሉ ከመቃብር ጋር ኖረው!»

«ከመቃብር ጋር ነዋ የኖርኩት። የሞተውን አውቀዋለሁ። ይሄ ግን ቁራጩ ላይ ይጻፋል፤ የራሱ ድንጋይ ላይ አይጻፍም። እስቲ አንቺ ሐኪም ነሽ፣ ምን ይባላል ይሄ በሽታ?»

እህቴ ካቻቪቴዋን አንስታ ወደ ማሽኑ ተመለሰች።

ሦስተኛው ጊዜ ላይ እናትየዋ መጥተው ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ስሙ ወጣ፤ የልደቱ ቀን ወጣ። የሞቱ ቀን ሲጀመር ያ ድምፅ መጣ፤ እናትየዋም ቀስ ብለው ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ማን ነው የሚያንጎራጉረው?» አሉ።

«ማሽኑ ነው እማማ» አልኳቸው።

«ልጄ ጺሙን ሲላጭ እንዲህ ያደርጋል። ከንፈሩን ገጥሞ።»

ሠራተኛው ሁሉ እጁን ከሥራው አነሳ። ድምፁ እየጎላ ሄደና ጠቅ አለ፤ ቁጥሮቹም ከመስመሩ ወጡ።

«ሦስተኛ!» ብሎ ጮኸ ጠራቢው ራሱን መግዛት አቅቶት። «ሦስተኛ ጊዜው ነው እምቢ ሲል!»

«ምኑ ነው እምቢ ያለው?» አሉ እናትየዋ።

አለቃችን በዓይኑ ሊያስቆመው ሞከረ፤ ግን የጠራቢው አፍ አንዴ ከተከፈተ ሥራውን ሳይጨርስ አይዘጋም። ሁሉንም ነገራቸው፤ ቁራጩ ላይ እንደሚወጣ፣ የእሱ ድንጋይ ላይ እንደማይወጣ። እናትየዋ እየሰሙ ሳሉ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። የዓመታት ድካም በአንድ ጊዜ የወረደላቸው መሰሉ።

«አልሞተም» አሉ። «ድንጋዩ እንኳ ያውቃል። እናንተ ናችሁ የማታውቁት።» ሄዱ። እንደ ወጣት ሴት ነበር የሚራመዱት።

በማግስቱ ልጅቷ ብቻዋን መጣች። እህቴ ማሽኑ ሥር በጀርባዋ ተኝታ ሽቦ ትፈትሽ ነበር፤ ልጅቷ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ከእግሮቿ ጋር ነበር የምታወራው።

«ስምንት ዓመት ቤታችን ተቆልፎ አያውቅም» አለች። «በሩን ከዘጋነው ሲመጣ ይመለሳል ትላለች። ሁለት ጊዜ የማናውቀው ሰው ገብቶብናል። አንዱ ሳሎን ውስጥ ተኝቶ ነው ያገኘሁት። ይህን ድንጋይ እንድትቀበል ዓመት ሙሉ ለመንኳት። እጮኛዬ ሌላ ከተማ ነው፤ ይጠብቀኛል፤ እሷን ተከፍቶ በሚያድር ቤት ትቼ የት እሄዳለሁ? እሺ ስትል ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ትናንት ከዚህ ገብታ የወንድሜን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አወጣችው።»

እህቴ ከማሽኑ ሥር ወጥታ ተቀመጠች።

«ጫማውንም እየጠረገች ነው» አለች ልጅቷ። «አንቺ ካላስተካከልሽው እኔ ከዚያ ቤት አልወጣም።»

አለቃችን ጠራቢው ቀኑን በመዶሻና በመሮ በእጁ እንዲቀርጸው አሰበ። ጠራቢው እጆቹን ወደ ኪሱ ከተተ። «ለዚህ እጄን አላነሳም። ከፈለጋችሁ አባሩኝ።» ልጅቷም ራሷን ነቀነቀች። «በእጅ ከሆነ አታምንም። እምቢ ያለው ማሽኑ ነው፤ እሺ ማለት ያለበትም እሱ ነው።»

እህቴ ሦስት ቀን ሙሉ ከማሽኑ አልተለየችም። ሞተሩን የሚያዘውን ድራይቨር ለወጠች፤ ከረንቱን ዝቅ አደረገች፣ ከፍ አደረገች። በእያንዳንዱ ለውጥ ቁራጭ ድንጋይ አጋድማ ያንን ቀን ታስቀርጻለች፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቁራጮቹ ግድግዳው ሥር ተደረደሩ፤ ሁሉም ላይ አንድ ቀን ብቻ ተጽፎባቸዋል፤ ስም የለም። ዓይኔን ከእነሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ። እቤት ስንገባ ራት ሳትበላ ትቀመጥና ወደማይሰማት ጆሮዋ በኩል ዞር ትላለች።

«ምን አለ?» እላታለሁ።

«ምንም።»

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ የመጨረሻውን ቁራጭ አንስታ በብብቷ ይዛ፣ በሌላ እጇ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ወደ ግድግዳው ስትሄድ አዳራሹ መሀል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። የሞተ ሰው ያየች መስሎኝ ደነገጥኩ።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ይሄን በብብቴ ይዤዋለሁ» አለች።

«ታዲያ?»

«ያንኛውን ስድስት ሰው ነው ያነሳው።»

ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ቁራጩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ወደ ቁጣ ተለወጠ። «ሦስት ቀን ሙሉ ያልታመመውን ሳክም ሰነበትኩ! ሐኪም ይሉኛል ደግሞ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አልጋው ድንጋዩን ተሸክሞ ስለሚመላለስ፣ የድንጋዩ ክብደት የሞተሩ ሸክም ነው። ሸክሙ ሲለወጥ ሞተሩ የሚጠላው ፍጥነትም ቦታ ይለውጣል። በሦስት ጣት ድንጋይ ያ ፍጥነት ሌላ ቦታ ስለሆነ ማንም አያገኘውም። በጥቁሩ ድንጋይ ግን ወርዶ፣ ትንንሽ ቁጥር በሚቀረጽበት ፍጥነት ላይ ተቀመጠ። ትልልቁን ፊደል ሲቀርጽ ሞተሩ ያንን ቦታ በሩጫ ዘሎት ያልፋል፤ እንደ ስምንትና ስድስት ያለውን ጠባብ ክብ ሲዞር ግን እዚያው ውስጥ ይመላለሳል፤ የሞቱ ቀን ደግሞ በእነሱ የተሞላ ነበር። ድንጋይ ቤት የኖረ ሰው ሙከራ ሲባል እጁ በራሱ ወደ ቁራጭ ይሄዳል፤ ጥሩ ድንጋይ አይባክንማ። በዚያ ቁጠባ ምክንያት ስህተቱ አንድም ጊዜ ራሱን አላሳያትም።

አልጋው ላይ ድንጋይ በድንጋይ አስደራርባ ክብደቱን ከጥቁሩ ጋር አስተካከለች፤ ከላይ ቁራጭ አስቀመጠች። እኔን ደብተር አስያዘችኝ። ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ ተክላ ዓይኗን ጨፍና ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ስትጨምር፣ እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ።

«ደህና ነው... ደህና ነው... መጣ። አሁን ነው። ጻፍ። በጣም... በጣም... ለቀቀው። ጻፍ።»

ያ ማንጎራጎር ለእጇ ታዞ ሲመጣና ሲሄድ ሳይ፣ የበፊቱ ፍርሃቴ ያሳፍረኝ ጀመር። እያንዳንዱን እርምጃ ወደ ትንንሽ ክፍልፋይ ከፈለችው፤ አነሳሱን አለዘበችው፤ ቁጥር የሚቀረጽበትን ፍጥነት ከክፉው ቦታ በታች አወረደችው፤ ከሞተሩ ኋላ ላይ መንቀጥቀጡን የሚበላ ጎማ የተገጠመለት ከባድ የብረት ቀለበት አሰረች። ያንን ቀን አሥራ ሁለት ጊዜ አስቀረጸችው። አሥራ ሁለቱም ጊዜ ቁጥሮቹ በቦታቸው ቆሙ። የመጨረሻው ላይ ግን ካቻቪቴውን ሳታነሳ ቆየች።

«አለቀ አይደል?»

«ትንሽ ነገር አለች።»

«ሞተሩ ላይ?»

«ሞተሩ ቆሟል እኮ» አለችኝ። ካቻቪቴውን ተቀብዬ አዳመጥኩ። የራሴን ደም እንጂ ምንም አልሰማሁም። ለማንም አልተናገርንም።

አለቃችን ጥቁሩን ድንጋይ ለሦስተኛ ጊዜ አስፍቆ ወዲያው እንዲቀረጽ ፈለገ። እህቴ እምቢ አለች። «እሳቸው በሌሉበት ከቀረጽነው እኛ ነን የምንገድለው።» ወደ ቤታቸው አብረን ሄድን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፍራሹ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ደጃፉ ላይ የወንድ ጫማ፣ ያብረቀርቃል፤ አፍንጫው ወደ ውስጥ ዞሯል። ልክ አሁን አውልቆት የገባ ያህል። እህቴ ጫማውን ላለመርገጥ ጎንበስ ብላ ስታልፍ እኔ መግባት አቅቶኝ ደፉ ላይ ቀረሁ።

«እማማ፣ የማሽኑ ሠራተኛ ነኝ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ማሽኑ እምቢ አላለም። የድንጋዩን ክብደት ሳልቆጥር ቀርቼ ነው።»

እናትየዋ አትክልት እየከተፉ ነበር። ቢላውን አላቆሙም። «ማሽኑ አያውቅም ነው የምትይኝ?»

«ምንም አያውቅም እማማ። ይቆጥራል እንጂ የት እንዳለ አያውቅም። አንድ እርምጃ ስቶ እንኳ፣ ደረስኩ ብሎ ነው የሚቀጥለው።»

«እስከ መቼ?»

«ካላስቆሙት እስከ መጨረሻው።»

ቢላው ቆመ። እናትየዋ በተከፈተው በር በኩል፣ በእኔ ትከሻ ላይ አልፈው መንገዱን ለረጅም ጊዜ አዩ። ዘወር ብዬ ማየት አልደፈርኩም።

«ነገ እመጣለሁ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ መጡ። ወንበር ቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም። ስሙ ወጣ። የልደቱ ቀን ወጣ። አልጋው ከባዱን ድንጋይ ተሸክሞ ያለ አንዳች ድምፅ ሲመላለስ፣ ቤት ውስጥ በካልሲ የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር። እህቴ ቀጣዩን ልታዝ እጇን ስትዘረጋ እናትየዋ «ቆይ» አሉ።

«ምነው እማማ?»

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

እኔ ነኝ የነገርኳቸው።

«እሱን ጻፊ።»

አለቃችን ወረቀቱን ይዞ ቀረበ። «እማማ፣ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ቀን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ማኅተሙ አለ።»

«ፍርድ ቤቱ አልወለደውም» አሉ። «ትናንት ማታ ድረስ ቤቴ ነበር። ራቱን አስቀምጫለሁ። የሞተ ሰው ራት ሲቀመጥለት አይቼ አላውቅም። የሞተው ዛሬ ነው። ዛሬ እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት።»

እህቴ ወደ ልጅቷ አየች። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ «ጻፊላት» አለች።

ያ ቀን የተሞከረ ቀን አልነበረም። እህቴ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቁልፎቹ ላይ ጣቶቿን አሳርፋ ቆየች፤ ከዚያ የዕለቱን ቀን ጻፈች። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ የድሮውን ቀን ብናስቀርጽ ኖሮ ያ ድንጋይ ላይ ይወጣ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ይወጣ ነበር» አለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ይመስለኛል» አለች።

መቁረጫው ወረደ። አቧራው ተነሳ። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ በቦታቸው ገቡ፤ ክንዱ ተነስቶ ወደ መነሻው ተመለሰ። እህቴ አቧራውን በብሩሽ ጠረገች። እናትየዋ ጎንበስ ብለው ቁጥሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ በጣታቸው ተከተሏቸው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

ከዚያ ጮኹ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልቅሰው እንደማያውቁ ልጅቷ በኋላ ነገረችን። ያን ጩኸት ከሰው ገላ የሚወጣ ድምፅ ነው ብሎ ለማመን ይከብድ ነበር። የአዳራሹ ማሽኖች ሁሉ ተዘጉ። ልጅቷ እናቷን አቅፋ አብራት መሬቱ ላይ ወረደች።

ድምፁ መንገድ ድረስ ተሰማ። ከጎን ካለው ጋራዥ ሜካኒኮቹ ግራሶ የነካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ፤ ከማዶ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች መጣች፤ መንገደኛም እየቆመ ገባ። ሴቶቹ ሳይጠይቁ ጭቃው ላይ ከእናትየዋ ጎን ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ወደቆመው ጠራቢ ዞራ፣

«ማን ሞተ?» አለችው።

«ልጃቸው» አላት።

«ውይ! መቼ?»

ጠራቢው አፉን ከፈተ። ወደ ድንጋዩ አየ፤ ወደ እህቴ አየ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ዛሬ» አላት።